የሙላው እግርና የቫኑ ፍሬን

ሙላውን የሚያውቅ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ ከመኪና ይጀምራል። እኔም ሚስቱ ሆኜ ሌላ መጀመሪያ አላገኘሁለትም። ስንጋባ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ቡና ጭኖ ደብረሲናን፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲን አልፎ ወደ አሰብ ይወርዳል፤ ከወደቡ ዕቃ ጭኖ ይመለሳል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት የቀረሁ ልጅ ነበርኩ። ከመንገድ ሲመጣ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ የሚያወራውም ስለ ቁልቁለት ነው። ሌላው ሰው አገሩን በከተማና በወንዝ ያስታውሳል፤ ሙላው የሚያስታውሰው የትኛው ቁልቁለት ላይ ማርሽ እንደሚቀነስ፣ የትኛው ላይ ፍሬን እንደማይታመን ነው።

በዚያ ዘመን ደህና ፍሬን ያለው መኪና ብርቅ ነበር። መለዋወጫ የለም። የፍሬን ሸራው ያለቀ መኪና ሌላ ሸራ እስኪገኝ እየተነዳ ይቆያል። ሾፌር የሚባለው ያንን መኪና ከነተሳቢው ከጣርማበር አውርዶ ሜዳ ላይ በሰላም የሚያቆም ሰው ነው። ፍሬኑ ሲላላ ደጋግሞ እየረገጠ ያነሳዋል። ወደ አንድ ወገን ሲጎትት መሪውን ወደ ሌላው ያዝ ያደርጋል። ጨርሶ እምቢ ሲለው በማርሽ ይይዘዋል፤ ማርሹም ካልያዘ ወደ ተራራው አስጠግቶ ጎኑን ከድንጋዩ ጋር እያፋተገ ያቆመዋል። ከሙላው ጓደኞች ገደል የገቡ አሉ። እሱ አልገባም። ስለዚህ ጉዳይ ሲያነሱበት እግሩን መታ መታ ያደርግና "ፍሬን ያለው እዚህ ነው" ይል ነበር። ሰዎች ይስቃሉ። እሱ ግን አይቀልድም።

አትላንታ የመጣነው ዲቪ ደርሶን ነው፤ የደረሰው በእኔ ስም ነበር። ልጃችን ሉሊት ያኔ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሙላው እንግሊዝኛው አልገባ ብሎት ከባድ መኪና የሚያስነዳውን ፈተና ሁለቴ ወድቆ ተወው። ከዚያ በኋላ ስለ ፈተናው አንስቶ አያውቅም። መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ እያደረገ ጥቂት ዓመት ቆየ። ኋላ ላይ ሁለታችንም ሎረንስቪል አንድ ዌርሃውስ ገባን፤ ሻማ እያሸጉ ካርቶን ውስጥ መክተት ነው ሥራው። እዚያ ባቡር አይደርስም። መኪና የሌለው ሐበሻ እስከ ዶራቪል በባቡር ይመጣና የሚያደርሰው ራይድ ይፈልጋል። ሙላው አንድ ያገለገለ ቫን ገዛ። ጠዋት ከዲኬተር ተነስተን ዶራቪል ጣቢያው በር ላይ ሰዎቹን ጭነን እንሄዳለን፤ ከሥራ መልስ እንደዚያው።

እንግዲህ የሙላው ሕይወት ያ ቫን ሆነ። ዌርሃውሱ ውስጥ በዕድሜ ልጁ የሚሆን አለቃ ካርቶን አንሳ፣ ካርቶን አውርድ ይለዋል፤ ስሙን እንኳን አስተካክሎ አይጠራውም። ቫኑ ውስጥ ግን ጋሼ ነው። መሪውን ሲይዝ ትከሻው ይሰፋል። ያንን የማየው እኔ ነኝ፤ ፊት ወንበር ላይ አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ።

ሦስት ሰዎች ነበሩን። ሀፍሳ የምትባል ዝምተኛ ልጅ፣ ወንድሙ የሚባል ወሬ የማያልቅበት ወጣት፣ እና መዓዛ። መዓዛ ከእኔ ትንሽ ታንሳለች፤ ብቻዋን የምትኖር፣ ከዘመድ የራቀች ሴት ናት። ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከሚንሸራተተው በር አጠገብ፣ በቀኝ በኩል ነው። "ለመውረድ ይቀለኛል" ትላለች።

ወንድሙ ጠዋት ሲገባ "ጋሼ፣ ዛሬ ጭነታችን ምንድን ነው?" ይላል።

"ጨው" ይላል ሙላው።

"ትናንት ቡና አላሉንም?"

"ቡና ቢሆንማ ዋጋ ነበራችሁ።"

ሀፍሳ እንኳን በሻርፗ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ሙላው አይስቅም፤ ግን ፊቱ ላይ ይታወቅበታል።

ድምፁ የጀመረው ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አካባቢ ነው። ጠዋት ከአፓርትመንታችን ስንወጣ፣ የመጀመሪያው ስቶፕ ምልክት ላይ ሲረግጠው ሲጥ ይላል። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ጥርስ ያስነክሳል።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኩት።

"ጤዛ። ብረቱ አድሮ እርጥበት ይዞት ነው። ሁለት ሦስቴ ሲረገጥ ይተዋል።"

እውነቱን ነበር፤ ያኔ ተወ። ኋላ ላይ ግን ቀን በፀሐይም ይጮህ ጀመር። ዶራቪል ጣቢያው በር ላይ ስንቆም ሰዎቹ ከሩቅ ዞር ብለው ያዩናል። ወንድሙ "የጋሼ ጥሩምባ" የሚል ስም አወጣለት።

አንድ እሑድ ሉሊት ቤት መጣች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ መሀል ከተማ አንድ ቢሮ ሥራ ይዛለች። ከአባቷ ጋር ሱቅ ደርሰው ሲመለሱ ፊቷ ተለዋውጧል።

"ዳዲ፣ ይሄ መኪና ፍሬኑ አልቋል፣ ኦኬ? ያ ድምፅ፣ ላይክ፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን ነክቶ እንዲጮህ ትንሽ ብረት አድርገውበታል። የእኔን መኪና የሚሠራው ሰውዬ አሳይቶኛል።"

"አውቃለሁ" አለ ሙላው።

"ታውቃለህ? እና ለምን አታሠራውም?"

"የሚጮኸው ለማያውቅ ሰው ነው። እኔ ካወቅኩ ምን ሊለኝ ይጮሃል?"

"ዳዲ፣ ያ ሴንስ አይሰጥም።"

"አንቺ እዚህ አገር ነው መንዳት የተማርሽው" አላትና ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሙላው ምልክቱን ማንበብ አቅቶት አይደለም። ከእኛ ከሁላችን አስቀድሞ ያነበዋል። ለእኛ መኪናው ወደ ጋራዥ ውሰዱኝ የሚል ይመስለናል፤ እሱን የሚለው ግን ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ አድርገህ ያዘኝ ነው። ሸራ ገዝቶ መቀየር አያቅተውም ነበር። ግን ለእሱ ያ የሰነፍ ሾፌር ሥራ ነው። መኪናው ሲያመው አመሉን እያጠና መንዳት ያስደስተዋል መሰለኝ። ሥራ ቦታ ካርቶን ለማንሳት ምንም ችሎታ አያስፈልግም። ይሄ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሲረግጠው ወደ ግራ መጎተት ጀመረ። መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ ይዞ ማቆም ለመደ። ከዚያ ሃይዌይ ላይ ከፍጥነት ሲቀንስ መሪው በእጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ቀለበቱ መሪውን ሲነካ ይሰማኛል። "ዲስኩ ጠሟል" አለኝ ሳልጠይቀው፣ የሰው ሐሜት እንደሚነግረኝ ሁሉ ዝቅ አድርጎ። ከሃይዌዩ መውጫ፣ ከኤግዚቱ ቁልቁለት ወርደን መብራት ላይ ስንቆም የተቃጠለ ነገር ይሸታል። መዓዛ መስኮቱን ገርበብ ታደርጋለች።

የገና በዓል ሰሞን ፔዳሉ ላላ። ይህን በዓይኔ ነው ያየሁት። ቀይ መብራት ገና ከሩቅ ሲታይ የሙላው ጉልበት ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ሦስቴ አራቴ ሲረግጠው ይጠነክርና ይይዝለታል።

"አንድ ጊዜ መርገጥ አይበቃም?" አልኩት።

"የመጀመሪያው ማንቂያ ነው።"

"ሙላው፣ ዘይቱ እየፈሰሰ ይሆናል እኮ። ፓርክ የምታደርግበት ቦታ ላይ እርጥብ ነገር አይቻለሁ።"

"እሞላዋለሁ።"

"የሚፈስ ነገር ተሞልቶ የት ይደረሳል?"

"አሰብ ድረስ ደርሰናል።"

"እዚህ ግን ከፊታችን ባዶ በረሃ አይደለም ያለው። ሰው ነው።"

"አታሟርቺ" አለኝ። እሱን ቃል ካለ ወዲያ ንግግር የለም። ነገሩ ቢመጣ አንቺ ጠራሽው ነው የሚሆነው።

ከመሪው ፊት ያለው ክሩስኮት ላይ ቀይ መብራት በራ። የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ነው አለ። ትንሽ ጥቁር ፕላስተር ቆርጦ ለጠፈበት፤ "ዓይን ይወጋል" ብሎ።

መጀመሪያ የቀረችው ሀፍሳ ናት። አንድ ዓርብ ስትወርድ በሩን ይዛ ቆመች።

"ጋሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ ወንድሜ በዚህ በኩል ሥራ ስላገኘ እሱ ያደርሰኛል። አላህ ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የማመሰግንዎት።"

"ደግ አደረገ" አላት ሙላው። "ቀስ ብሎ ይንዳ በይው።"

ሰኞ ዌርሃውሱ ፓርኪንግ ውስጥ ሀፍሳ ከአንዲት ላኦሳዊት ሠራተኛ መኪና ስትወርድ አየኋት። እሷም አየችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ራሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እትዬ ጥሩሰው፣ ወንድም የለኝም" አለችኝ።

"አውቃለሁ የእኔ ልጅ።"

"ፈርቼ ነው። ማታ ማታ በሕልሜ ድምፁን እሰማዋለሁ።"

"ለእሱ ለምን አልነገርሽውም?"

"በምን አፌ? አባቴ የሚሆኑ ሰውዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከበር እስከ በር ያደረሱኝን፣ መኪናዎ ያስፈራል ልበላቸው?"

ወሬኛው ወንድሙም ከእሷ ብዙም አልቆየም። ሺፍቴ ተቀየረ አለ። ሺፍቱ አልተቀየረም፤ ሙላው በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ እንዳይገናኙ ከመደርደሪያው ጀርባ ሲዞር በየቀኑ አየዋለሁ። ያ ሁሉ ቀልድ የሚችል ልጅ አንዲት ቃል አልወጣውም። ሙላውም ወንድሙን እዚያው ሺፍት ላይ አይቶታል፤ ማየቱን አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ዶራቪል ጣቢያ በር ላይ ቆመን ሦስት ሰው እንደምንጠብቅ ሁሉ ትንሽ ይቆያል፤ መዓዛ ገብታ ተቀምጣ በሩን ዘግታ እንኳን ወደ ደረጃው ያያል።

"መጣች እኮ" እለዋለሁ።

"አይቻለሁ" ይላል፤ ሌላ ባቡር እስኪያልፍ ግን አይነሳም።

መዓዛ አልቀረችም። አንድ ቀን ዌርሃውሱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ነገርኳት። "ራይድ ፈልጊ፣ እኔ ለሙላው የሆነ ነገር እለዋለሁ" አልኳት።

"እኔም ከሄድኩ ጋሼ ለማን ይነዳሉ?" አለችኝ እጇን እያደረቀች። "ተይው እትዬ። ሁለቱ ሲቀሩ የጋሼን ፊት አይቻለሁ።"

በዚያው ሰሞን ድምፁ ተለወጠ። ሲጥ ማለቱን ተወና ብረት ከብረት ሲፋጭ፣ የወፍጮ ድንጋይ ባዶውን ሲዞር እንደሚያሰማው ዓይነት ሆነ። ከእግሬ ሥር ወለሉን ይነዝረዋል። ያኔ እንድርያስ ጋ ሄድኩ።

እንድርያስ ዶራቪል ከገበያው ጀርባ ትንሽ ጋራዥ ያለው ልጅ ነው። ሙላውን ከልቡ ያከብረዋል፤ አባቱም የአሰብ ሾፌር ነበሩና ስማቸውን ሙላው ያውቃል። ቅዳሜ ከሙላው ጋር ለቤት ዕቃ ስንወጣ መንገዱን በዚያ በኩል አስደረግሁት፤ እንድርያስንም አስቀድሜ በስልክ ለምኜዋለሁ። ልጁ ሰላምታውን ጨርሶ "ጋሼ፣ እስቲ ጎማዎን ልይልዎት" አለ። ሙላው ገብቶታል። ግን እንግድነት ነውና እምቢ አላለም። እንድርያስ የፊቱን ጎማ አወጣ፣ አየ፤ የኋላውንም አየ። ብዙ ቆየ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"ጋሼ፣ ትንሽ የሚታይ ነገር አለው" አለ። "ሲመችዎት አንድ ቀን ብቅ ቢሉ ጥሩ ነው።"

"እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለ ሙላው። "ሸራው ሳስቷል አይደል?"

"አዎ፣ እንግዲህ… ሳስቷል ጋሼ። እርስዎ ያውቁታል መቼም።"

ሙላው ሽንት ቤት ሲገባ እንድርያስ ክንዴን ያዘኝ። ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል። "እትዬ፣ ይሄ መኪና ከዚህ ግቢ መውጣት የለበትም። ሸራ የሚባል ነገር የለውም። ዲስኩ ተበልቶ አልቋል። ዘይቱ ከኋላ በኩል እየፈሰሰ ነው። ዛሬ ትተውት ይሂዱ፣ እኔ ቤት አደርሳችኋለሁ።"

"ለእሱ ንገረው እንጂ።"

"ነገርኳቸው እኮ።"

"ለእኔ እንደነገርከኝ አድርገህ ንገረው።"

ልጁ ወደ በሩ አየ። ሙላው ኮቱን እያስተካከለ መጣ። እንድርያስ አፉን ከፈተና "ጋሼ፣ ዛሬውኑ ቢተዉልኝ ቶሎ አደርስልዎት ነበር፤ ካልተመቸዎት ግን ችግር የለም" አለ።

"በሚቀጥለው ሳምንት" አለ ሙላው።

መኪና ውስጥ ስንገባ እንድርያስ ለእኔ ያለውን በሙሉ ነገርኩት፤ ከዚህ ግቢ መውጣት የለበትም ማለቱን ጭምር።

"ለእኔ እንዲያ አላለኝም" አለኝ።

"አክብሮህ ነው።"

"ፊት ለፊቱ ነበርኩ። መካኒክ ነው፣ እኔም ሾፌር ነኝ። የሚያስፈራ ነገር ቢኖር ለእኔ ነበር የሚነግረው። አንቺን ያስፈራራው ሥራ ፈልጎ ነው።"

ለሉሊት ደወልኩ። ሉሊት ለአባቷ ደወለች፤ ጮኸች፣ አለቀሰች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እስክትጨርስ ሰማት። ቁልፉን ደብቄበት ሌላ ቁልፍ አወጣ። ከዚያ ወዲያ የማደርገው ጠፋኝ። ሥራ መቅረት አልችልም። ማለዳ ማለዳ አማትቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ሰው ከማይለቀው በሽታ ጋር እንደሚለምድ እኔም ለመድኩት።

የሆነው ዓርብ ከሥራ መልስ ነው። ዝናብ ነበር፤ ገና ቀን ነው። ሃይዌዩ ስለተጨናነቀ ሙላው በቡፎርድ ሃይዌይ በኩል ወጣ። እዚያ መንገድ ላይ የእግረኛ ማቋረጫው በጣም ይራራቃልና ሰው በየቦታው ይሻገራል። ከፊታችን አንዲት ቀይ መኪና ነበረች። ቁልቁል እየወረድን ነው። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት የያዘች ሴት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ወርዳ መሻገር ጀመረች፤ ቀይዋ መኪና ቀጥ ብላ ቆመች።

የሙላው ጉልበት ከፍ ዝቅ አለ። ምንም ድምፅ አልሰማሁም፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ጭራሽ ዝም አለ። እግሩ ወለሉን ሲመታ ብቻ ሰማሁ። ማርሹን ወደ ታች መታው። የከባድ መኪና ማርሽ አይደለምና ቫኑ ትንሽ አጉረመረመ እንጂ አልያዘም። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ያኔ እጁ የሚያውቀውን ሠራ፤ መሪውን ወደ ቀኝ ሰብሮ ከመንገዱ ዳር ያለው የኮንክሪት ግንብ ላይ አስጠጋው። የቫኑ ጎን ግንቡን እየፋቀ፣ ብረቱ እየተቀደደ ፍጥነታችን ቀነሰ። እውነቱን ልናገር፣ እያቆመው ነበር። ግንቡ ሲያልቅ ግን የመብራት እንጨት ቆሟል። የእኔ በር አለፈው። እንጨቱ የገባው የሚንሸራተተው በር ላይ ነው።

ሴትየዋ ተሻግራለች። ቀይዋ መኪና ላይ ጭረት እንኳን አልነበረም።

መዓዛ አልጮኸችም። ዞሬ ሳያት በሩ ወንበሯ ላይ ገብቶ ዳሌዋን አጣብቋት እኔን ታየኛለች። "እትዬ፣ እግሬ የት አለ?" አለችኝ በዝግታ። የእሳት አደጋ ሰዎች ብረቱን ቆርጠው እስኪያወጧት እጇን ይዤ ነበር። ሙላው ከመሪው አልተነሳም። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ ሲያናግረውም ፔዳሉን እንደረገጠ ነበር።

ሆስፒታል ያየናት ዳሌዋ በብረት ከተያዘ በኋላ ነው። ሙላው ደጃፉ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ። ራሱን ለስድብ አዘጋጅቶ ነው የመጣው፤ መንገዱን ሁሉ በአውቶቡስ ስንመጣ "የፈለገችውን ትበለኝ" እያለ ነበር።

"ጋሼ፣ ግቡ እንጂ" አለች መዓዛ። "ለምን ደከሙ?"

"መዓዛ" አለ፤ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ።

"የእግዜር ቁጣ ነው፣ እርስዎ ምን አደረጉ? እርስዎ ባይነዱት ኖሮ ሁላችንም አልቀን ነበር። ያቺ ሴትዮም ታልቅ ነበር።"

"ፍሬኑን አውቅ ነበር።"

"ይተዉት ጋሼ። ተቀመጡ።"

ተቀመጠ። ትሰድበኛለች ብሎ የጠበቃት ሴት ትራሱን አስተካክሉልኝ፣ ጋሼ ውሃ ይጠጡ እያለች ታስተናግደው ነበር። ስንወጣ አሳንሰር ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። የዚያን ቀን ነው ያረጀብኝ።

ቫኑን ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው እንድርያስ ግቢ ነው፤ እዚያ ተጎትቶ መጥቶ ነበር። ሙላው የተቀደደውን ጎን በእጁ እየዳሰሰ ዞረው። ከዚያ ልጁን ጠራው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬዎት ነበር ጋሼ።"

"ሲመችዎት ነው ያልከኝ።"

እንድርያስ መሬት መሬት አየ።

"ለእሷ የነገርካትን ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? የአባትህ ጓደኛ አይደለሁም? ሰው አይደለሁም? 'አንተ ሽማግሌ፣ ሰው ልትገድል ነው' ማለት አቃተህ?"

"እንዴት እንዲህ እልዎታለሁ ጋሼ?"

ሙላው ትንሽ አየውና "አዎ" አለ። "እንዴት ትለኛለህ።" ድምፁ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ንዴት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ማታ ራት ላይ "ሁላችሁም ታውቁ ነበር" አለኝ። "ሀፍሳም፣ ያ ልጅም። ወንድም የላትም አይደል?"

"የላትም።"

"አንቺ ነግረሽኛል።"

"ነግሬሃለሁ።"

"የአንቺን አልሰማሁትም። የሚስት ነገር ብዬ።" እንጀራውን ቆርሶ ሳይጎርስ እጁ ላይ ያዘው።

ፍርድ ቤት ቀረበ፤ መቀጮ ተቀጣ። መንጃ ፈቃዱን አልወሰዱበትም። እኔ እንደሚወስዱበት ነበር የጠበቅኩት፤ እሱም የተመኘው እሱን ይመስለኛል። ወስደውበት ቢሆን ከልክለውኝ ነው ይል ነበር።

መዓዛ ተመልሳ ሥራ አልገባችም። ቆሞ መዋል አትችልም። በዱላ እየሄደች ከእኛ ሕንፃ ሥር ባለው አፓርትመንት አንዲት ክፍል ተከራየች፤ የማግዛት እኔ ነኝ። በየጊዜው ሐኪም ጋ መሄድ አለባት፤ ሉሊት ናት የምታደርሳት። ሉሊት የአባቷ ነገር ሲያሳስባት መኪናዋን ቀን ቀን እኛ ጋ ትታ በባቡር ሥራ መሄድ ጀመረች። ድንገት ቢነዳ ብላ ነው። አዲስ መኪና ነው፤ ምንም የሌለበት። ሙላው በመስኮት ያየዋል እንጂ ወርዶ አይነካውም።

ባለፈው የጸደይ ወር አንድ ረቡዕ፣ ሁለታችንም ሥራ በሌለን ቀን፣ መዓዛ ቀስ እያለች ደረጃውን ወጥታ መጣች። ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታለች። እኔ ኩሽና ነበርኩ።

"ጋሼ" አለችው፣ "ዛሬ ሐኪም አፖይንትመንት አለኝ። ሉሊት ደግሞ ሥራ ላይ ናት። ያደርሱኛል?"

ከሉሊት ጋር ተነጋግረው ያዘጋጁት መሆኑ ገባኝ። ሐኪሟ ዲኬተር ውስጥ ቅርብ ነው፤ በአውቶቡስም ይደረሳል። የመረጠችው ግን እሱን ነው፤ ያቺው ዳሌዋ የደቀቀው ሴት።

ሙላው ቀና ብሎ አያት። "እኔ?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ የእኔ ሾፌር።"

ሙላው በመስኮቱ መኪናውን አየ። ከዚያ ተነስቶ ጫማውን አጠለቀ፣ ጃኬቱን ለበሰ። የሉሊትን መኪና ቁልፍ ከመንጠቆው አነሳ። "መጀመሪያ ላሙቀው፣ እናንተ ቆዩ" ብሎ ወረደ። መዓዛ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ፤ ከኩሽና ወጥቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ።

በሩን ከፍቶ ገባ። ወንበሩን ለራሱ ቁመት አስተካከለ፣ መስታወቱን አስተካከለ። ቀበቶውን አሠረ። ከላይ ጉልበቱ ይታየኛል፤ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ፣ ረገጠ፣ አነሳ፣ ደግሞ ረገጠ። መኪናው አልተነሳም። ቁልፉን አላዞረውም። መርገጥ ብቻ ነው። እንደገና ረገጠ። ጠንካራ ፍሬን ነው፤ የሚሰምጥ ነገር የለውም፣ እሱ ግን እያመነው አይደለም። ከኋላዬ መዓዛ "ምነው ቆዩ?" አለች። "እያሞቀው ነው" አልኳት።

ብዙ ጊዜ እንዲያ ቆየ። ከዚያ ቀበቶውን ፈታ። ወጥቶ በሩን ዘጋ፣ ደጋግሞ ስቦ መዘጋቱን አረጋገጠ፣ ደረጃውን ሲወጣ እርምጃውን ሰማን። ገብቶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ከመዓዛ ፊት ቆመ።

"ሌላ ሰው ፈልጊ" አላት። "እኔ አልነዳም። መኪናው ደህና ነው። እኔ ነኝ።"

"ጋሼ፣ ምንም አይደለም፣ ሌላ ቀን…"

"ሌላ ቀን የለም፣ መዓዛ። እምቢ በሉኝ እንጂ። አንድ ሰው እንኳን እምቢ ይበለኝ።"

መዓዛ ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። ሌላ ቀን ምን ትለው ነበር አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እምቢ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ሐኪሙ ጋ ስልክ ደውዬ ቀኑን አስለወጥኩላት። ካፖርቷን አላወለቀችም። ሙላው ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተመለሰ፤ እኔም መሀላቸው ተቀመጥኩ፤ ሉሊት ከሥራ እስክትመጣ ሦስታችንም ቴሌቪዥኑን ስናይ ዋልን።